የአሸዋ እጣቢን ወደ ግድግዳ ብሎኬት መለወጥ፦ ከማጠቢያው ጉድጓድ እስከ ግንቡ

አሸዋ በሚታጠብበት ቦታ ሁሉ ከሥር የሚቀር ቡናማ ጭቃ አለ፤ እጣቢ የምንለው እሱን ነው። ብዙ ጊዜ ተጠርጎ ወደ ወንዙ ወይም ወደ ቅርቡ ማሳ ይለቀቃል። ይህ ጭቃ ደለልና ሸክላ ነው። አርማታ ውስጥ ሲገባ የአሸዋውን ቅንጣት ሸፍኖ ሲሚንቶው እንዳይይዘው ያደርጋል፣ ውሃ ያስጨምራል፣ ሲደርቅ ይሰነጥቃል። ታምቆ በሚሠራ የአፈር ብሎኬት ውስጥ ግን ያው ደለልና ሸክላ የጎደለውን የሚሞላ፣ ብሎኬቱ ከማሽኑ ሲወጣ ቅርጹን እንዲይዝ የሚያደርግ ነገር ነው። ችግሩ ጭቃው ላይ አይደለም፤ የተቀመጠበት ቦታ ላይ ነው።

ወንዝ ውስጥ መድፋቱ ደግሞ ዋጋ ያስከፍላል። በ1952 ዓ.ም ሥራ የጀመረው የቆቃ ግድብ ውሃ የሚይዝበትን ቦታ ደለል እየበላው መሆኑ የታወቀ ነው። ከአሸዋ ማጠቢያ የሚሄደው ከጠቅላላው ደለል ትንሹ እጅ ቢሆንም፣ በየቦዩና በየመስኖ መግቢያው የሚቆለለው ግን ከዚያው ሠፈር የተለቀቀው ነው።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልብ በሉ፦ እጣቢው ደርቆ ሲፈጭ ጥሩ አሸዋ ይመስላል። ወደ አርማታ፣ ወደ ፌሮ ሥራ ወይም ወደ ሲሚንቶ ልስን እንዳትመልሱት። ያጠባችሁት እሱን ለማስወጣት ነው።

ምን ያህል እጣቢ ይወጣል?

ቀጥ ያለ ጎን ያለው ግልጽ ጠርሙስ ያዙ። በ1 ሊትር ውሃ 10 ግራም ጨው፣ ማለትም ሁለት የሻይ ማንኪያ ገደማ፣ አሟሙ። ከጨው ውሃው ጠርሙሱ ውስጥ ጥቂት አፍስሳችሁ ያልታጠበውን አሸዋ እስከ ጠርሙሱ ግማሽ ጨምሩ፤ ከዚያ ውሃው ከአሸዋው ቁመት በግማሽ እስኪበልጥ፣ ማለትም እስከ ጠርሙሱ ሦስት አራተኛ፣ ሙሉና በደንብ ናጡት። ደልዳላ ቦታ ላይ 3 ሰዓት ይቀመጥ። ከላይ የተኛውን የደለል ውፍረት ለአሸዋው ቁመት አካፍሉት። በኢትዮጵያ ደረጃ ውጤቱ ከ6 በመቶ ካለፈ አሸዋው ይታጠባል ወይም ይመለሳል።

ይህ መለኪያ በውፍረት እንጂ በክብደት አይደለም፤ ደለሉ ውሃ ይዞ ስለሚያብጥ ከእውነተኛው በላይ ያሳያል። ለእቅድ የሚሆን ስሌት ይኸውላችሁ፦ ከአሸዋው ክብደት 8 በመቶው ታጥቦ ይወጣል ብንል፣ 1 ሜትር ኩብ አሸዋ 1,500 ኪሎ ስለሚመዝን 120 ኪሎ ደረቅ ደለል ይሰጣል። 16 ሜትር ኩብ የጫነ አንድ ሲኖ ትራክ ወደ 1,900 ኪሎ ይሆናል። ከታች ባለው ልክ ሲሠራ ከዚህ 600 ገደማ ብሎኬት ይወጣል፤ የተሰበረው ተቀንሶ 17 ካሬ ሜትር ግድግዳ ማለት ነው።

እጣቢውን በሦስት ቦታ መያዝ

ሁሉንም አንድ ጉድጓድ ውስጥ ካደባለቃችሁት በኋላ መለየት አይቻልም። ስለዚህ ገና ሲታጠብ ይለይ።

መጀመሪያ አሸዋው በ10 ሚሊ ሜትር ወንፊት ይለፍ። የቀረው ጠጠር ከሊሾ ሥር ለሚነጠፍ ድልድልና ለውሃ መውረጃ ቦይ ስለሚሆን ለብቻው ይከመር፤ ስለሱ ከዚህ በላይ የሚባል የለም።

ቀጥሎ ከማጠቢያው የሚወጣው ውሃ 1 ሜትር በ1 ሜትር፣ ጥልቀቱ ግማሽ ሜትር በሆነች ትንሽ ጉድጓድ ውስጥ ያልፋል። ውሃው እዚህ የሚቆየው ለአጭር ጊዜ ስለሆነ የሚሰምጠው ሳታስቡት የሄደው ደቃቅ አሸዋ ብቻ ነው። በየቀኑ ማታ ዝቃችሁ አውጡት፤ ለብሎኬቱ ድብልቅ ይፈለጋል።

ከዚያ ውሃው ወደ ረጅሙ ገንዳ ይገባል። 4 ሜትር በ2 ሜትር፣ ጥልቀቱ 80 ሳንቲ ሜትር ይሁን፤ ሁለት ገንዳ ያስፈልጋችኋል፤ አንዱ ሲሞላ ሌላው ያርፋል። ውሃው በአንዱ ጫፍ ገብቶ በሌላው ጫፍ ከላይ እየፈሰሰ ይውጣ። መግቢያውና መውጫው ጎን ለጎን ከሆኑ ውሃው አቋርጦ ይሄድና ደለሉን ይዞት ይወጣል። ደለሉ በሰዓታት ውስጥ ይሰምጣል፤ ሸክላው ግን አንድ ቀንና ከዚያ በላይ ሊንሳፈፍ ይችላል። ከሁለት ቀን በኋላም ውሃው እንደ ሻይ በወተት ከሆነ ጥቂት የኖራ ውሃ ያረጋዋል። መጠኑ እንደ ሸክላው ዓይነት ስለሚለያይ መጀመሪያ በ1 ሊትር ጠርሙስ ሞክሩት፤ ሸክላው ተጠቅልሎ እንደ ጥጥ ሲወርድ ታያላችሁ። የጠራውን ውሃ መልሳችሁ እጠቡበት። ኖራ የገባበትን ውሃ ግን ወደ ወንዝም ወደ ከብት መጠጫም አትልቀቁ።

ከመድረቁ በፊት መፈተሽ

አንዱ እጣቢ ግሩም ብሎኬት ይሆናል፤ ከሌላ ወንዝ የመጣው በሲሚንቶ ብዛት እንኳ አይድንም። ልዩነቱን የሚያመጣው የሸክላው ዓይነትና መጠን ነው። ከቀይ አፈር የታጠበ ሸክላ ረጋ ያለ ነው። ከመረሬ ወይም ከዋልካ የታጠበው ግን ውሃ ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሸበሸባል፤ ግድግዳ ውስጥ ከገባም በኋላ ይህን ጠባዩን አይተውም። ስለዚህ አራት ፍተሻ አድርጉ፤ አራቱም ላቦራቶሪ አይፈልጉም።

የመጀመሪያው የጠርሙስ ፍተሻ ነው። እጣቢውን እስከ ጠርሙሱ ሩብ ጨምራችሁ ውሃና ቁንጥር ጨው ሙሉበትና ናጡት። በ1 ደቂቃ ውስጥ የተኛው አሸዋ ነው፤ የጠርሙሱ ጎን ላይ ምልክት አድርጉ። እስከ 1 ሰዓት የተኛው ደለል ነው፤ ሁለተኛ ምልክት። ከዚያ እስከ ነገ የሚተኛው ሸክላ ነው። ሦስቱን ውፍረት ለካችሁ በመቶኛ ጻፉ።

ሁለተኛው የመሸብሸብ ፍተሻ ነው፤ ከሁሉ የሚበልጠውም ይኸው ነው። ውስጡ 60 ሳንቲ ሜትር ርዝመት፣ 4 ወርድ፣ 4 ጥልቀት ያለው የእንጨት ሳጥን አሠሩ። ውስጡን ዘይት ቀቡ። ጭቃውን እንደ ወፍራም ገንፎ አቡክታችሁ አየር ሳይቀር ጠቅጥቁት። ፀሐይ ላይ 3 ቀን ወይም ጥላ ውስጥ 7 ቀን ይድረቅ። ከዚያ የደረቀውን ሁሉ ወደ አንድ ጫፍ ገፍታችሁ ባዶውን ክፍተት ለኩ። ይህን ፍተሻ ሁለት ጊዜ አድርጉ፤ አንዴ በእጣቢው ብቻ፣ አንዴ ደግሞ ልትጠቀሙበት ባሰባችሁት ድብልቅ። ሲሚንቶውን የሚወስነው ሁለተኛው ነው።

ሦስተኛው የብስባሽ ፍተሻ ነው። ቅጠልና ሥር የበሰበሰበት እጣቢ ሲሚንቶው እንዳይጠነክር ያግደዋል። 30 ግራም ኮስቲክ ሶዳ በ1 ሊትር ውሃ አሟሙ፤ ጓንት አድርጉ፣ ሶዳው ቆዳ ያቃጥላል። ጠርሙስ እስከ ሲሶው በእጣቢ ሙሉ፣ ሶዳውን ከላይ ጨምራችሁ ናጡትና 24 ሰዓት ይቀመጥ። ከላይ የቀረው ውሃ እንደ ጠጅ ቢጫ ከሆነ ደህና ነው። እንደ ቡና ከጠቆረ ለብሎኬት አይሆንም።

አራተኛው የጨው ነው። አንድ ቁራሽ ጭቃ አድርቁ፤ ላዩ ላይ ነጭ ዱቄት ካወጣ ጨው አለበት። በተለይ እንደ በሰቃ ባሉ ጨዋማ ሐይቆች አቅራቢያ የሚወጣና የሚታጠብ አሸዋ ላይ ይህን አትዝለሉ። ጨዉ ብሎኬቱ ከተገነባ በኋላ ከእርጥበት ጋር ወጥቶ ፊቱን እየሸረፈ ይጥለዋል። አንዳንዴ በንጹሕ ውሃ ደግሞ ማጠብ ያድነዋል፤ የሚታጠብበት ውሃ ራሱ ጨዋማ ከሆነ ግን ድካሙ ከንቱ ነው።

ማድረቅና ማድቀቅ

አብዛኛው ሰው ሥራውን የሚተወው እዚህ ነው። ዝቃጩ እንዲሁ ሲደርቅ እንደ ሸክላ ድስት ይጠነክራል፤ ያንን በመዶሻ መፍጨት ጉልበትም ይጨርሳል፣ ሳንባ የሚጎዳ ብናኝም ያወጣል።

መፍትሔው ጊዜውን መጠበቅ ነው። ከገንዳው የወጣውን ዝቃጭ ላስቲክ ወይም የተደለደለ ጠጠር ላይ ከ10 ሳንቲ ሜትር ባልበለጠ ውፍረት አስጡት። በበጋ ከአምስት እስከ አሥር ቀን ይፈልጋል። ጣት ሲጫኑት ምልክት የሚቀርበት፣ ግን እጅ ላይ የማይጣበቅ ሲሆን ከክሬሸር የሚወጣውን 00፣ ማለትም ደቃቅ የጠጠር ዱቄት፣ በላዩ በትናችሁ በዶማና በአካፋ ገልብጡት። የጠጠር ዱቄቱ በቁራሹ መካከል ገብቶ እንዳይጣበቅ ያደርገዋል፤ ከሁለት ቀን በኋላ በእጅ የሚፈረፈር ይሆናል። 00 ከሌለ ከትንሿ ጉድጓድ ያወጣችሁትን ደቃቅ አሸዋ ከሻካራ አሸዋ ጋር ተጠቀሙ። በመጨረሻ በ5 ሚሊ ሜትር ወንፊት አሳልፉ። ሲነፋ አፍና አፍንጫ ይሸፈን፤ ጨርቅ ብቻ ደቃቁን ብናኝ አያግድም፣ ደህና ማስክ ያስፈልጋል።

ወንፊት ያላለፈ የሸክላ ጓል ድብልቁ ውስጥ ከገባ ብሎኬቱ ዝናብ ባገኘው ቀን እዚያው ቦታ ላይ ቀዳዳ ይሆናል።

ልኩ

እጣቢ ብቻውን ብሎኬት አይሆንም፤ አጥንት የለውም። ድብልቁ ውስጥ አሸዋና ደቃቅ ጠጠር ከ50 እስከ 70 በመቶ፣ ሸክላ ከ10 እስከ 25 በመቶ፣ ቀሪው ደለል እንዲሆን ፈልጉ። ስሌቱ ቀላል ነው። እጣቢው 30 በመቶ አሸዋ፣ 40 በመቶ ደለል፣ 30 በመቶ ሸክላ ቢኖረውና ከ00 ጋር እኩል በእኩል ብትደባልቁት፣ ሸክላው ወደ 15 በመቶ ይወርዳል፤ ይህ ጥሩ ነው። ሸክላው 50 በመቶ ከሆነ አንድ እጅ እጣቢ ለሁለት እጅ 00 አድርጉ፤ ሸክላው ወደ 17 ይሆናል። ማድረቂያው ላይ የጨመራችሁት 00 ከዚህ ልክ ውስጥ እንደሚቆጠር አትርሱ፤ ሁለቴ የገባ 00 ሸክላውን ያሳጣና ብሎኬቱ ሲነሳ ጠርዙ ይፈርሳል።

ሲሚንቶውን ከሳጥኑ ፍተሻ ውሰዱ። የድብልቁ ክፍተት ከ15 ሚሊ ሜትር በታች ከሆነ 1 እጅ ሲሚንቶ ለ18 እጅ ድብልቅ ይበቃል። ከ15 እስከ 30 ከሆነ ለ16፣ ከ30 እስከ 45 ለ14፣ ከ45 እስከ 60 ለ12። ከ60 ካለፈ ሲሚንቶ መጨመር ገንዘብ መጣል ነው፤ 00 ጨምሩ ወይም ወደ ኖራ ዙሩ።

በአንድ ጊዜ የሚቦካው መጠን ትንሽ ይሁን። ለመካከለኛው ልክ፣ ማለትም ለ1 ለ16፣ ይኸው፦

– የተነፋ ደረቅ እጣቢ 90 ኪሎ፤ 50 በ40 በ20 ሳንቲ ሜትር በሆነው የአርማታ ሳጥን 2 ሳጥን ገደማ
– 00፣ 90 ኪሎ፤ አንድ ሳጥን ተኩል ገደማ
– ሲሚንቶ 12.5 ኪሎ፣ የአንድ ከረጢት ሩብ
– ውሃ ከ20 እስከ 23 ሊትር፤ ድብልቁ እርጥበት ካለው ከዚህ ያንሳል

ከዚህ 28 ገደማ ብሎኬት ይወጣል፤ ከአንድ ከረጢት 112 ማለት ነው። ሳጥኑ እንደ እርጥበቱና እንደ አሞላሉ ስለሚለያይ በየቀኑ ጠዋት አንዴ ሞልታችሁ መዝኑት።

ሲሚንቶው ከደረቁ ድብልቅ ጋር ቀለሙ አንድ እስኪሆን ሦስት ጊዜ ይገልበጥ፤ ውሃው ከዚያ በኋላ በማርከፍከፊያ ይገባል። በባልዲ ከተደፋ ጓል ይፈጥራል። ልኩን ለማወቅ አንድ ጭብጥ ጨምቃችሁ ከትከሻ ቁመት ጠንካራ መሬት ላይ ልቀቁት። አራት አምስት ቦታ ከተከፈለ ልክ ነው። እንደ ዱቄት ከተበተነ ውሃ ይጎድለዋል፤ ተጨፍልቆ አንድ ላይ ከቀረ ውሃ በዝቶበታል።

ለኖራ ከሆነ በሲሚንቶው ፋንታ 14 ኪሎ የተነፋ የሞተ ኖራ (ውሃ ጠጥቶ የበረደ) አድርጉ። ድብልቁ እርጥብ ሆኖ በላስቲክ ተሸፍኖ አንድ ቀን ይደር፤ ኖራው ሸክላውን ሰብሮ ለስላሳ የሚያደርገው በዚህ ጊዜ ነው። ሲሚንቶ ያለበት ድብልቅ ግን በፍጹም አይደር። ውሃ ከነካው በ45 ደቂቃ ውስጥ ታምቆ ይለቅ። የዘገየውን ውሃ ረጭቶ ማለስለስ የተለመደ ጥፋት ነው፤ ብሎኬቱ ሲወጣ ያምራል፣ ከወር በኋላ በጥፍር ይፋቃል።

ማመቅ

በእጅ የሚሠሩት ማሽኖች አባት በ1950ዎቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ቦጎታ፣ ኮሎምቢያ ውስጥ ቺሊያዊው መሐንዲስ ራውል ራሚሬዝ የነደፈው ሲንቫ ራም ነው። 29 በ14 በ9 ሳንቲ ሜትር የሆነ ብሎኬት ያወጣል፤ አሠራሩ ቀላል ስለሆነ ደህና የብረት በያጅ ይሠራዋል። ከዚህ በታች ያሉት ቁጥሮች ለዚህ መጠን ናቸው።

ሻጋታውን የተቃጠለ ዘይት በናፍጣ አቅጥናችሁ ቀቡ። ለእያንዳንዱ ብሎኬት 7.5 ኪሎ እርጥብ ድብልቅ መዝናችሁ ጨምሩ፤ ማዕዘኖቹን በጣት ጠቅጥቁ፣ ባዶ የሚቀሩት እነሱ ናቸው። እጀታው በአንድ ሰው ክብደት ልክ መውረድ አለበት። ያለ ጉልበት ከወረደ ድብልቁ አንሷል፤ ብሎኬቱም ሳስቶ ይቀራል። ሁለት ሰው ከፈለገ በዝቷል፤ ማሽኑን ያጣምማል። የወጣውን ብሎኬት በሁለት መዳፍ ከጫፍና ከጫፍ ይዛችሁ ላስቲክ የተነጠፈበት ደልዳላ ቦታ ላይ በጎኑ አቁሙት። በመጀመሪያው ቀን አይደራረብ። ውፍረቱን በየአሥሩ ለኩ፤ ከ2 ሚሊ ሜትር በላይ ልዩነት ግንበኛው ሞርታር እንዲያባክን ያደርጋል።

ብሎኬቱ በአግድም እንደ ገጽ ከተላቀቀ ውሃ ወይም ሸክላ በዝቷል፤ ጠርዙ ከረገፈ ደግሞ አንዱ ጎድሏል።

ውሃ ማጠጣት

ወዲያው በላስቲክ ይሸፈን፤ ፀሐይም ነፋስም አይንካው። በማግስቱ እስከ አምስት ረድፍ ሊደረደር ይችላል። ለ14 ቀን ጠዋትና ማታ በማርከፍከፊያ ውሃ ይጠጣ፣ ላስቲኩም መልሶ ይሸፈን። ከዚያ እስከ 28ኛው ቀን ጥላ ውስጥ ይረፍ። በኖራ የተሠራው ቀስ ብሎ ስለሚጠነክር ስድስት ሳምንት ይቆይ። በሲሚንቶ ቆጥቦ በውሃ ማጠጣት የሚሰንፍ ሠራተኛ ቁጠባውን በሙሉ ያጣዋል።

የተጠናቀቀውን መፈተሽ

ከየ500ው አምስት ብሎኬት ምረጡና 24 ሰዓት ውሃ ውስጥ ንከሩ። ጠርዙ ከሟሟ ወይም በምስማር ሲጫሩት ጥልቅ መስመር ከወጣ ያ ምርት ለውጭ ግድግዳ አይሆንም። ካለፈ፣ እርጥቡን ብሎኬት በ25 ሳንቲ ሜትር በተራራቁ ሁለት እንጨቶች ላይ ጠፍጣፋ አጋድሙት፤ መሐሉ ላይ በወርዱ አንድ ብረት አኑራችሁ 75 ኪሎ የሚመዝን ሰው ቀስ ብሎ ይቁምበት። ሳይሰበር ከቻለ እርጥብ የመጨመቅ ጥንካሬው 1.5 ሜጋፓስካል አካባቢ ነው ማለት ይቻላል፤ ፎቅ ለሌለው ቤት ግድግዳ የሚበቃ ነው። ይህ ግምት እንጂ ሰነድ አይደለም። ጣሪያ የሚሸከም ግድግዳ ከሆነ በላቦራቶሪ ይሰበር።

ሲገነባ

ለ14 ሳንቲ ሜትር ግድግዳ በካሬ ሜትር 33 ብሎኬት፣ ከብክነት ጋር 35 ያዙ። መሠረቱ የድንጋይ ግንብ ሆኖ ከመሬት ቢያንስ 40 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበል፤ በላዩ እርጥበት የሚከላከል ላስቲክ ይነጠፍ። ጣሪያው ከግድግዳው ቢያንስ 50 ሳንቲ ሜትር ይውጣ። እነዚህ ሁለቱ ከጎደሉ ጥሩ ብሎኬትም ከሥሩ ይበላል።

ሞርታሩን ከዚያው ድብልቅ አዘጋጁ፤ ሲሚንቶውን ግን በግማሽ ጨምሩበት፤ ውፍረቱም 1 ሳንቲ ሜትር ይሁን። ብሎኬቱ ከመቀመጡ በፊት ውሃ ውስጥ ጠለቅ ብሎ ይውጣ፤ ደረቁ የሞርታሩን ውሃ ይመጥጥና መጋጠሚያው ዱቄት ሆኖ ይቀራል። በጠንካራ የሲሚንቶ ልስን አትሸፍኑት፤ ልስኑ ከብሎኬቱ የበለጠ ግትር ስለሆነ ተነጥሎ ይወድቃል። ኖራ ከአሸዋ ጋር የተሻለ ይይዘዋል።

ለብሎኬት የማይሆነው

ሸክላው የበዛበትና 00 ማምጣት የሚከብድበት ቦታ ላይ እጣቢው ለጭቃ ቤት ምርጊት እጅግ ጥሩ ነው፤ ጠጠር ስለሌለው መንፋትም አይፈልግም። የጤፍ ጭድ ጨምራችሁ በእግር ርገጡት፣ ለጥቂት ቀናት ውሃ እየጠጣ ይቡካ፣ ከዚያ ምረጉት። ከሰነጠቀ ጭድና አሸዋ ጨምሩ። ብስባሽ ያለበት ከአፈር ጋር ተደባልቆ ለአትክልት ቦታ ይሁን። የመረሬ ጠባይ ያለውን ግን ከወለል ሥርም ከመሠረት አጠገብም አትሙሉት፤ ሲያብጥ ሊሾውን ያነሳዋል። እሱ የሚሆነው አሸዋ የወጣባቸውን ጉድጓዶች መልሶ ለመሙላት ነው፤ ከወንዙ ዳር ራቅ ባለው፣ ጎርፍ በማይደርስበት በኩል።